ማዮማው 7 ሴንቲ ሜትር ነው ተባልኩ፤ ኦፕሬሽን የግድ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 34 ነው። ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። ካገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ልጅ ግን የለኝም። ወር አበባዬ መብዛት ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ስምንት ዘጠኝ ቀን ይፈሳል፣ የረጋ ደምም አለው። ባለፈው ወር አልትራሳውንድ ታይቼ 7 ሴንቲ ሜትር ማዮማ አለሽ፣ ኦፕሬሽን ያስፈልግሻል ተባልኩ። ሄሞግሎቢኔ 7.6 ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረ። እናቴ መጀመሪያ ጸበል ትጠመቅ ትላለች። አክስቴ ኦፕሬሽን ከገባች ማህፀኗን አውጥተው ነው የሚልኳት ትላለች። ባለቤቴ አዲስ አበባ እንሂድ ባይ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የሚያቀልጥ ቅጠል አለ አለችኝ። ግራ ገባኝ። 7 ሴንቲ ሜትር አደገኛ ነው? ወደ ካንሰር ይቀየራል? ልጅስ እወልዳለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፦ 7 ሴንቲ ሜትር እና 7.6። ቤተሰቡ የተሰበሰበው ለመጀመሪያው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ እንዳይንዛዛብሽ ዋናውን ላስቀድም። ካንሰር የመሆኑ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ማህፀንሽ መውጣት አያስፈልገውም። በ34 ዓመትሽ፣ ልጅ እየፈለግሽ፣ ማህፀን ማውጣትን እንደ መጀመሪያ ምርጫ የሚያቀርብልሽ ሰው ካለ ሌላ ስፔሻሊስት አማክሪ። ኦፕሬሽኑ ሳያስፈልግሽ አይቀርም፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም። ድንገተኛ ነገር ካልገጠመ በቀር በ7.6 ሄሞግሎቢን ኦፕሬሽን ክፍል መግባት የለብሽም። መጀመሪያ ደምሽ ይሙላ።

አሁን ቀስ ብለን እንየው።

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል እጢ ነው። የሚመገበው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በሚባሉት የሴት ሆርሞኖች ነው። ወር አበባ ያላየች ልጅ ላይ የማናገኘው፣ ያረጠች ሴት ላይ ደግሞ እየተኮማተረ የሚሄደው ለዚህ ነው። በጣም የተለመደ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ 70 በመቶ ገደማ ማዮማ ታይቶባቸዋል። አብዛኞቹ አንዳች ስሜት የላቸውም። ከእድርሽ እናቶች ስንቶቹ ማዮማ ይዘው፣ ሳያውቁት እንዳረጁ ብታይ ትገረሚ ነበር።

«ምን አጥፍቼ ነው» ብለሽ አትጨነቂ። እናት ወይም እህት ላይ መኖሩ፣ ወር አበባ ገና በልጅነት መጀመሩ፣ አለመውለድ፣ ውፍረት፣ ደም ግፊት ዕድሉን ይጨምራሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሰው እጅ ያሉ አይደሉም።

ካንሰሩን በአጭሩ ልዝጋው። ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ ካንሰር አለ፤ ሳርኮማ ይባላል። ግን ብርቅ ነው። በአብዛኛው ራሱን ችሎ የሚነሳ እንጂ የቆየ ማዮማ ተለውጦ የሚመጣ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ እጢው እያደገ የሚሄድባት ሴት ናት። አንቺ እዚያ ውስጥ የለሽም። ነገር ግን በወር አበባ መሀል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም የሚታይሽ ከሆነ ሁሉንም በማዮማው ላይ አታላኪው። ማዮማ ተገኘ ማለት የደሙ ምክንያት እሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር አገራችን ውስጥ ብዙ ሴት ይገድላል፤ ምርመራው ደግሞ ጤና ጣቢያ ድረስ አለ። ከ30 ዓመት በላይ ስለሆንሽ ካልተመረመርሽ በዚሁ አጋጣሚ ተመርመሪ።

ወደ 7.6 ልመለስ።

እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 በታች ከወረደ ደም አንሷታል እንላለን። ከ8 በታች ከሆነ ከባድ የደም ማነስ ነው። በዚያ ላይ ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የነዋሪው ሰውነት ለማካካስ ትንሽ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል። ስለዚህ እዚህ የተለካ 7.6 ቆላ ላይ ከተለካው 7.6 በጥቂቱ ይብሳል። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታው፣ ክፍል ቆመሽ ስታስተምሪ ጉልበትሽ የሚከዳው በማዮማው ክብደት እንዳይመስልሽ። 7 ሴንቲ ሜትር እጢ ያን ያህል አይከብድም። ደምሽ አልቆ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰ? ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይዞ ይወጣል። ጤናማ ወር አበባ በጠቅላላው ከ80 ሚሊ ሊትር አይዘልም፤ ብዙ ሴቶች ግማሹን ነው የሚያዩት። ያንቺ 200 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። ዘጠኝ ቀን ከረጋ ደም ጋር ከሆነ የተጋነነ ግምት አይደለም። በየወሩ 100 ሚሊ ግራም ብረት ወጣ ማለት ነው። ሰውነት ከምግብ በቀን የሚያገኘው 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ነው፤ በወር ቢበዛ 60። ይህ ወር በወር ሁለት ዓመት ተደጋገመ። የምትበይው ምንም ቢሆን አይደርስበትም።

ብዙዎች እዚህ ላይ «የጤፍ እንጀራ እየበላሁ እንዴት ደም ያንሰኛል?» ይሉኛል። ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው። እህል ውስጥ ያለውን ብረት ግን አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም። የሊጡ መቦካት ትንሽ ያግዛል። ታዲያ እንጀራው ሳይወርድ ቡናው ይፈላል። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። የዘጌ ቡና አጠገቧ እየተለቀመ ያደገችን ሴት ቡና ተይ ማለት አልችልም፤ ብልም አትሰማኝም። አቦሉን ግን ከምግቡም ከክኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አርቂው። ጾም ካልሆነ ሥጋና ዓሣ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት እንዲገባ ያግዛሉ። በጾም ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን ከምግቡ ጋር አይጥፉ። ቀይ ስር ጥሩ አትክልት ነው፤ ጭማቂው ስለቀላ ብቻ ግን ደም አይሆንም።

የደም ማነስ ሁልጊዜ በድካም አይገለጥም። ከፎገራ በኩል የመጣች አንዲት እናት ወረፋ ስትጠብቅ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ትፈታና ጥሬ ሩዝ ትቆረጥም ነበር። «ሱስ ሆኖብኝ ነው፣ እፈርም ነበር» አለችኝ። ሄሞግሎቢኗ 5 አልሞላም። ብረት ከጀመረች በኋላ ማንም ሳይመክራት ሩዙን ተወችው። አፈር፣ በረዶ፣ ጥሬ እህል የሚያስበላ አምሮት ብረት ማለቁን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ሳታፍሪ ተናገሪ።

ስለዚህ ዛሬ የሚጀመረው ሕክምና ብረት ነው። ክኒኑ ከሆነ ባዶ ሆድ ላይ፣ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ቀን እየዘለሉ ይወሰዳል። በቀን ሦስቴ መዋጥ ሆድ ከማወክ በቀር ብዙ አይጨምርም፤ አንድ ጊዜ ብዙ ብረት ሲገባ አንጀት ለሚቀጥለው ጊዜ በሩን ስለሚያጠብ ነው። ሰገራሽ ይጠቁራል፤ አትደንግጪ። ሆድ ያደርቃል፤ ውኃ አብዢ። ማቅለሽለሹ ካስቸገረሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው፤ ጨርሶ ከመተው ያ ይሻላል። ደሙ ከተገታ ሄሞግሎቢንሽ በወር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ነጥብ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ወይም ክኒኑን ሆድሽ እምቢ ካለ በደም ስር የሚሰጥ ብረት አለ። ቶሎ ይሠራል። ባንቺ ቁጥር ከመጀመሪያውም እሱን ብትጠይቂ መብትሽ ነው። 12 ከደረስሽ በኋላም ክኒኑን ወዲያው አታቁሚ፤ ጎተራው ባዶ ነበርና ሁለት ሦስት ወር ይቀጥላል።

ብረት እየሞላሽ ደሙ እንደ ቀድሞው ከፈሰሰ ግን ድካም ነው። ደሙን የሚገታ ነገር አብሮ ይታዘዝ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን አለ። ወር አበባ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ፣ ቢበዛ እስከ አምስት ቀን ይወሰዳል። ሆርሞን ስላልሆነ እርግዝና ለምትሞክር ሴት ይስማማል። እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ግን አትወስደውም። አይቡፕሮፌን መጠነኛ እርዳታ ያደርጋል፤ ጨጓራ ካለብሽ ተጠንቀቂ። ኦፕሬሽኑ ከተቆረጠ ደግሞ ወር አበባን ለጊዜው ጭራሽ የሚያቆም መርፌ ሁለት ሦስት ወር ሊሰጥሽ ይችላል። እጢውንም ያኮማትራል፣ ደምሽም በዚያ መሀል ይሞላል። መርፌው ሲቆም እጢው ተመልሶ ያድጋል፤ ስለዚህ ብቻውን መድኃኒት አይሆንሽም። ሆርሞን ያለው ሉፕ ለብዙ ሴት ግሩም ነው፤ እጢው የማህፀኑን ክፍተት ካጣመመው ግን ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል፣ ልጅም አያስጸንስም። ያንቺ መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ 7 ሴንቲ ሜትሩ።

የአልትራሳውንዱን ወረቀት አውጪና እንደገና አንብቢው። ሁሉም ሰው ቁጥሩን አይቶ ያጥፈዋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው የሚበልጠው። ሰብሙኮዛል ካለ እጢው ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ክፍተት ገብቷል። ኢንትራሙራል ካለ ግድግዳው ውስጥ ነው። ሰብሴሮዛል ካለ ወደ ውጭ፣ ወደ ሆድ በኩል ነው የወጣው። ማህፀንን አንድ ክፍል ቤት አድርገሽ አስቢው። ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ምኑም አይደለም። መሀል ወለሉ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ድንጋይ ግን ሁሉን ያሰናክላል። ውስጥ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ሴትን ደም ጨርሶ ሊጥላት፣ ጽንስ እንዳይቀመጥ ሊከለክል ይችላል። ውጭ የተንጠለጠለ 8 ሴንቲ ሜትር ግን ፊኛ ከመጫንና ሽንት ከማመላለስ ሌላ ምንም ላያመጣ ይችላል።

ስለዚህ «ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» የሚለውን ተዪውና ሐኪምሽን «ወደ ውስጥ ገፍቷል ወይ? የማህፀኑን ክፍተት አጣሟል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከደምሽ ብዛት ስገምት ገፍቶ ይመስለኛል። ወረቀቱ ይህን ካልጻፈ አልትራሳውንዱ በሴት ብልት በኩል ይደገም፤ ያ ከሆድ በላይ ከሚታየው ይበልጥ ይለያል። ማህፀን ውስጥ ትንሽ የጸዳ የጨው ውኃ እየገባ የሚታይበት አሠራርም አለ፤ ክፍተቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እግረ መንገድ ኩላሊትሽንም ይዩልሽ። ትልቅ ማዮማ የሽንት መውረጃውን ተጭኖ ኩላሊትን ያለ ምንም ሕመም ሊያሳብጥ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም፤ የአልትራሳውንዱን ዘንግ ወደ ጎን ማዞር ብቻ ነው።

ልጅ እወልዳለሁ ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ ተስፋሽ ጥሩ ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ አለመጸነስን ሁሉ ማዮማው ላይ አትጫኚው። ወደ ውጭ የወጣ ማዮማ እርግዝናን አይከለክልም። ወደ ውስጥ የገባው ይከለክላል፤ ሲወጣም የመጸነስ ዕድል ይሻሻላል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ክፍተቱን ካጣመመ አወጣዋለሁ፤ ካላጣመመ ሌላውን ምክንያት ሳልፈልግ ቢላ አላነሳም።

ሌላው ምክንያት ሲባል ደግሞ ባለቤትሽም አለበት። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች በግማሹ ገደማ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ወንዱ ዘንድ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ሕመም የለውም። ሆዷ ተቀዶ፣ ደም ፈሷት፣ ወራት አገግማ፣ ከዚያ በኋላ የባሏ ዘር ፈሳሽ ሲመረመር አንድም የዘር ሕዋስ የሌለበት ሆኖ የተገኘባት ሴት ታሳዝነኛለች። አዲስ አበባ እንሂድ የሚለው ባለቤትሽ መጀመሪያ እዚሁ ላቦራቶሪ ይሂድ። እንቢ ካለሽ ይህን መልስ አንብቢለት። የማህፀን ቱቦዎችሽም ክፍት መሆናቸው ይታይ።

እንግዲህ ክፍተቱ ተጣሞ ከተገኘ ኦፕሬሽኑ ማዮማውን ብቻ ነቅሎ ማህፀኑን መልሶ መስፋት ነው። ማዮሜክቶሚ እንለዋለን። አክስትሽ የሰማችው ማህፀን ማውጣት ሌላ ኦፕሬሽን ነው። እሱ ልጅ ለጨረሰች፣ ደም ለሚፈሳት፣ በሌላው መንገድ ላልተሻላት ሴት ጥሩና የማያዳግም መፍትሔ ነው። እንቁላል ማምረቻዎቹ ከተተዉ ወዲያው አታርጥም፤ ሴትነቷም የትም አይሄድም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለችን ሴት «ባዶ ቀረች» የሚል ዘመድ እድርም ላይ፣ ለቅሶም ላይ አይጠፋም። ችላ ማለት ነው።

የአክስትሽ ፍርሃት ግን ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ማዮሜክቶሚ ደም የሚያፈስ ኦፕሬሽን ነው። አልፎ አልፎ ደሙ አልቆም ብሎ ሕይወት ለማትረፍ ማህፀን የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህ በተለይ የሚያሰጋው እጢዎቹ ብዙና ትልልቅ ሲሆኑ፣ ሴትዮዋም ደሟ አልቆ ከገባች ነው። አየሽ፣ ዞረን እዚያው 7.6 ላይ መጣን። በ12 የገባች ሴት አንድ ሊትር ደም ብታጣ ሐኪሙ ረጋ ብሎ ለመስፋት ጊዜ አለው። በ7 የገባችዋ ግማሹን ስታጣ ማደንዘዣ የሰጣት ባለሙያ መጮህ ይጀምራል። ማህፀንሽን የሚጠብቅልሽ አንዱ ነገር ከኦፕሬሽኑ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ወራት የምትውጪው ብረት ነው። እኔ በሽተኛዬን ቢቻል 12፣ ቢያንስ ከ10 በላይ ሳትሆን ቀጠሮ አልይዝላትም።

ሌላው የዝግጅት ነገር ደም ነው። የተዘጋጀ ደም ሳይኖር አይገባም። ቤተሰብም ደም እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። ለምክር ከተሰበሰበው ዘመድ መሀል ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለና ጤነኛ የሆነ ካለ ከምክሩ ይልቅ ቀድሞ ደም ባንክ ሄዶ ቢሰጥ ይጠቅምሻል። ሐኪሙንም እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ደም ለመቀነስ ምን ታደርጋላችሁ? ከኦፕሬሽኑ በፊት የሚሰጥ ሚዞፕሮስቶል አለ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ፣ ማህፀኑን የሚመግበውን የደም ሥር ለጊዜው በላስቲክ ቱቦ ማሰርም አለ። ሁሉም የሚደረጉ፣ ውድም ያልሆኑ ነገሮች ናቸው። በጥያቄሽ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ቁጣውን ታገሺና መልሱን ተቀበይ። የስምምነት ወረቀቱን ስትፈርሚም «ማህፀኔን የምታወጡት ሕይወቴ አደጋ ላይ ከወደቀ ብቻ ነው» የሚለውን አስጽፊ። ይህን ኦፕሬሽኑ ሳይደርስ፣ ባለቤትሽ ባለበት ተነጋገሩት። በዋዜማው ማታ ቸኩሎ የሚፈረም ወረቀት ጥሩ አይደለም።

እጢው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ውስጥ ከሆነና ትንሽ ከሆነ ሆድ ሳይቀደድ በማህፀን በር በኩል በካሜራ ይወጣል። ያንቺ 7 ስለሆነ በሆድ በኩል የሚሆን ይመስለኛል። በማግስቱ ተነስተሽ ትራመጃለሽ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ መራመድ ግድ ነው። ከዚያ አራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም። ውኃ ቢጠፋም 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት አይታሰብም። እዚያ ቤት ሌላ ሰው አለ።

ቀጥሎ የምለውን ደግሞ አጥብቀሽ ያዢልኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ስትወጪ የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ ስንት እጢ እንደወጣ፣ ከየት በኩል እንደሆነ፣ የማህፀኑ ውስጠኛ ክፍተት ተከፍቶ እንደነበረ መጻፍ አለበት። ወረቀቱን እንደ መታወቂያሽ አስቀምጪው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ለመጸነስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትታገሻለሽ፤ ስፌቱ እስኪጠነክር ነው፤ ልኩን የቀደደሽ ሐኪም ይነግርሻል። ስትጸንሺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለነፍሰ ጡር ክትትል ወረቀቱን ይዘሽ ቅረቢ። ስፌቱ ጥልቅ ከነበረ ወይም ክፍተቱ ተከፍቶ ከነበረ ምጥ ሳይጀምር፣ ቀኑ ተቆርጦ በኦፕሬሽን ነው የምትወልጂው። የተሰፋ ማህፀን በምጥ ሊቀደድ ይችላል። እናት ቤት ሄጄ ልውለድ የሚባል ነገር የለም። ቤተሰብሽ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ ወይም ቁንዝላ አካባቢ ከሆኑ እነሱ ወዳንቺ ይምጡ።

ማዮማ ተመልሶ ይመጣል? ሊመጣ ይችላል። አንድ ብቻ ከነበረ ዕድሉ አነስ ይላል፤ ብዙ ከነበሩ ይጨምራል። ስለዚህ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ የተፈቀደልሽ ጊዜ ሲደርስ ዓመታት አታሳልፊ።

ስለ ጸበሉ እናትሽን አትከራከሪ። ጸበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ብረቱንም ዋጪ። እኔን የሚያሳስበኝ ጸበሉ ሳይሆን «መድኃኒት አቁሚ» የሚል ሰው አጠገቡ ሲቆም ነው። ሌላው፣ ደም እየፈሰሰሽ በባዶ ሆድ፣ በብርድ፣ ለሳምንታት ጸበል ቦታ መሰንበት በ7.6 ሄሞግሎቢን አይቻልም። ትወድቂያለሽ። እናትሽ ይህን ብትረዳው የምትጨክን አይመስለኝም። ደምሽ ሲሞላ ሄደሽ ሰንብቺ።

በቅጠሉ ላይ ግን አልለሳለስም። ማዮማን የሚያቀልጥ ቅጠል የለም። «ጠጣሁና ጠፋልኝ» የምትለዋ እህት ዋሸች አልልም። ማዮማ አንዳንዴ ለዓመታት ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዴ በራሱ ይቀንሳል፤ አንዱ አልትራሳውንድ 7 ያለውን ሌላው 6 ሊለው ይችላል። ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ጉበቷ ተጎድቶ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ የምትመጣዋ ግን ቲክቶክ ላይ ወጥታ አትናገርም።

ቀጠሮሽን ስትጠብቂ አንድ ሞዴስ በሰዓት እየራሰ ሁለት ሦስት ሰዓት ከቀጠለ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ተቀምጠሽ ልብሽ የሚደልቅ ከሆነ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። ባጃጅ ወይም አምቡላንስ፣ የተገኘውን ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ሄሞግሎቢንሽ ከ7 በታች ከወረደ ደም ሊሰጥሽ ይችላል።

በመጨረሻ የባለቤትሽ ጥያቄ ቀርቷል። አዲስ አበባ መሄድ ክፉ አይደለም፣ ግን የግድ አይደለም። በሆድ በኩል የሚሠራ ማዮሜክቶሚ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያሉ የማህፀን ስፔሻሊስቶች የሚያውቁት ሥራ ነው። ደም የሚሰጥሽ ዘመድ እዚህ ነው ያለው። ክትትልሽም፣ ወደፊት የምትወልጂበት ቦታም እዚሁ ነው። በካሜራ ይሠራልኝ ካልሽ፣ ወይም እጢዎቹ ብዙ ሆነው ሐኪምሽ ራሱ ሪፈር ካለሽ ያኔ መሄዱ ትርጉም አለው። እስከዚያው ለትኬትና ለአልጋ የምታወጡትን ብር በደም ስር ለሚሰጠው ብረትና ለባለቤትሽ ምርመራ አውሉት። ከወር በኋላ ሄሞግሎቢንሽን ተለኪና አዲሱን ቁጥር፣ ከአልትራሳውንዱ ላይ ያለውን ቃልና የባለቤትሽን ውጤት ጨምረሽ ጻፊልኝ። ኦፕሬሽኑ መቼ ይሁን የሚለውን ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።